የማይሞቱት ሰዎች አስተርጓሚ

ባለፈው ቤቴ የመጣሽ ጊዜ መስኮቴ ላይ የተሰቀለውን ግራጫ ብርድ ልብስ አይተሽ፣ "መምህርት ሆነሽ መጋረጃ መግዣ አጣሽ?" ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ እንጂ መልስ አልሰጠሁሽም። ብርድ ልብሱ መሃሉ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቀዳዳ አለችው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘነብል በዚያች ቀዳዳ አንዲት ቀጭን ብርሃን ትገባለች፤ አቧራው ውስጧ ሲንሳፈፍ ይታያል፤ ግድግዳው ላይ ታርፍና ቀስ እያለች ትሄዳለች። ያን ጊዜ የቤንዚን፣ የረጠበ ጋቢና የተቆላ ሽምብራ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። እዚህ ሐይቅ ከተማ፣ በዚህች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ቤንዚንም ሽምብራም የለም። እኔ ግን የማርመውን ደብተር አስቀምጬ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

አባቴ ውጫሌ ላይ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ቪዲዮ ቤት ስልሽ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከባሕር ዛፍ የተጠረቡ አግዳሚዎችና ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ቴሌቪዥን ማለቴ ነው። ብርድ ልብሱ የአንዲቷ መስኮት መጋረጃ ነበር። ቀዳዳዋን ማን እንዳበጃት አይታወቅም፤ አባቴ አጫሾችን ይረግማል፣ አጫሾቹ አይጥን ይረግማሉ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ በጓሮ ይንደቀደቃል። ፊልም የሚታየው በገበያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነበር። እህሉን ሽጦ፣ ጨውና ሳሙናውን ገዝቶ፣ ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት አንድ ፊልም አይቶ የሚሄድ ገበያተኛ ብዙ ነው። ዶሮው ያልተሸጠችለት ዶሮውን እንዳቀፈ ይገባል፤ ጥይት ሲተኮስ ዶሮዋ ትጮሃለች፣ ሰው ይስቃል። ሴት እምብዛም አትገባም። እኔ የባለቤቱ ልጅ ስለሆንሁ ከበሩ አጠገብ የራሴ ዱካ፣ አንዲት ትንሽ መቀመጫ፣ ነበረችኝ።

ፊልሞቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበሩ። ገበያተኛው ደግሞ ሁለት ሰው ሰይፍ ሲማዘዝ ዝም ብሎ ማየት አይበቃውም፤ "የደም ነው የመሬት?" ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ አስተርጓሚ ነበረን።

አስተርጓሚው በሌላው ቀን ከመስጊዱ በታች ባለች በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነው። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጧል። በገበያ ቀን ማሽኑን ከድኖ፣ የልብስ መለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ይመጣና ማይክራፎኑን ይዞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆማል። እኔ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርሁ፤ በእንግሊዝኛ የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ እሱማ ከነጭራሹ። ግን እሱ ሲያስተረጉም ፈረንጆቹ ሁሉ የአምባሰል ሰው ይሆናሉ። ሲጣሉ "ወላሂ ዛሬ አልለቅህም" ይባባላሉ፤ ሲማማሉ አንዱ በግሸኗ እመቤት ይምላል፣ አንዱ በጀሊሉ ይምላል። ሽበት ያለው ሰው ከመጣ አንዴ ሼሁ፣ አንዴ የኔታ ይለዋል፤ ማንም ለምን አይልም። አንድ ቀን ፊልሙ ካለቀ በኋላ ጠጋ ብዬ "ሰውዬው ያለው እኮ ሌላ ነው" ብለው፣ ሜትሩን ጣቱ ላይ እየጠመጠመ፣ "ፊልም እንደ ሱሪ ነው። በለባሹ ልክ ካልተቆረጠ ማን ይለብሰዋል?" አለኝ።

የማይሞቱት ሰዎች ፊልም የመጣው በዚያ በለውጡ ሰሞን ነበር። እስረኛ የሚፈታበት፣ ሬዲዮ ዙሪያ ሰው የሚሰበሰብበት፣ ሁሉም "ነገማ ሌላ ነው" የሚልበት ሰሞን። ፊልሙ እርጅናም ሞትም ስለማይነካቸው ባለ ሰይፎች ነው። የሚሞቱት የገዛ ሰይፋቸው የተሰበረ እንደሆነ ብቻ ነው። ከነሱ መሃል አንድ ሽበታም መምህርና አንድ ጎረምሳ ተማሪ አሉ። መጨረሻው ላይ ጠላት የመምህሩን ሰይፍ ድንጋይ ላይ ሰበረው፤ መምህሩ ወደቀ፤ ተማሪው ታቅፎት አለቀሰ።

መምህሩ ሊሞት ሲል በእንግሊዝኛ የተናገረው አጭር ነው። "ቅበረኝና ሂድ" ነው ያለው። እኔ ሰምቻለሁ። አስተርጓሚውም ሰምቷል፤ ይህችን ታህል አትጠፋውም። ግን ማይክራፎኑን አፉ ላይ እንደያዘ ዝም አለ። ልክ ያን ጊዜ የቀዳዳዋ ብርሃን ስትሄድ ስትሄድ ከቴሌቪዥኑ ደርሳ የሞተው መምህር ግንባር ላይ አረፈች። ሌላ ጊዜ ቢሆን "ቀዳዳዋን ያዝ" ይባልና አንዱ ተነስቶ በመዳፉ ይደፍናታል። ያን ቀን ማንም አልተነሳም። ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ "ፊቱ በራ" አሉ። የፊልሙ ሥራ መስሏቸው ነው። ልጃቸው ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ ድምፅዋ የጠፋባቸው ሰው ነበሩ።

አስተርጓሚውም ተቀበላቸው። "በራ እንጂ" አለ፣ በዝግታ። "'አብሽር ልጄ፣ እመለሳለሁ፤ በተራራው በር ጠብቀኝ' እያለው ነው።"

የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። በዚያ ቤት ከተቀመጠው ሰው መሃል በባሕር ወጥቶ የቀረ ልጅ ወይም እህት የሌለው ጥቂት ነበር። የራሱ የአስተርጓሚው ታላቅ ወንድም በጅቡቲ በኩል ወጥቶ፣ ባሕሩን ይሻገር አይሻገር ሳይታወቅ ዓመታት አልፈዋል። እናታቸው፣ ድንገት ቢመጣ ተዘግቶ አያግኘው ብለው፣ ደጃቸውን ገርበብ አድርገው የሚያመሹ ሴት ነበሩ። አገር ሁሉ ያንን ደጅ ያውቀዋል።

አስተርጓሚው በሰው አናት አሻግሮ አየኝ። እንደማውቅ ያውቃል። እኔም አንገቴን ደፍቼ ፈገግ አልሁ። ምን እንደተዋዋልን ያኔ አልገባኝም። ወደ ቤት ስሄድ ግን እግሬ መሬት አልነካ ብሎኝ ነበር፤ ያን አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ ክፍል ሁለትን ስንጠብቅ ሦስት ዓመት አለፈን። ገበያተኛው አባቴን ባገኘው ቁጥር ከሰላምታው ቀጥሎ "መምህሩ መጣ?" ይለዋል። አባቴም "መንገድ ላይ ነው" ይላል። እነዚያ ሽማግሌ በየገበያው ይመጡና፣ የሚታየው ሌላ ፊልም መሆኑን ሲሰሙ፣ "እንግዲያው የከርሞ ሰው ይበለን" ብለው ይመለሳሉ። በዚያው መሃል የሬዲዮው ድምፅ ተለወጠ። ነገ ሌላ ነው ሲል የነበረው ሰው ነገን መፍራት ጀመረ። ሰሜን ላይ ጦርነት ተነሳ፤ ከኛም ሰፈር ልጆች እየተመዘገቡ ሄዱ። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ደሴ ኮሌጅ ገባሁ።

ደሴ ምን እንዳደረገኝ ልንገርሽ? ጠጉሬን ተተኮስሁ፤ አነጋገሬን አሳጠርሁ፤ ካልጠየቁኝ የውጫሌ ልጅ ነኝ አልልም። ክፍል ሁለትን በፍላሽ የሰጠችኝ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ ደሴ ተወልዳ ያደገች፣ ሳቋ የሚያምር ልጅ። ለክረምቱ ዕረፍት ወደ ቤት ስሄድ፣ "ያንን ቪዲዮ ቤታችሁን ካላሳየሽኝ" ብላ አብራኝ መጣች።

ፍላሹን ገበያው ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው ለአስተርጓሚው ሰጠሁት። ሁልጊዜ አንድ ጊዜ ሳያይ አያስተረጉምም። በማግስቱ ሲመልስልኝ ፊቱ ጥሩ አልነበረም።

"ምነው?" አልሁት።

"መምህሩ የለበትም። ጭራሽ ሰዎቹ ከሌላ ዓለም የመጡ ናቸው ይላል። የፊተኛውን የሠራው ሰው የሠራውን ረሳው እንዴ?"

"ታዲያ ምን ልትላቸው ነው?"

ሜትሩን ጣቱ ላይ ጠመጠመ። "ጨርቁ ጠቧል" አለኝ። "ግን እሰፋዋለሁ።"

የገበያው ቀን ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። አግዳሚ ያጣው መሬት ተቀመጠ። ሽማግሌው በጊዜ መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ስለነበር ከጋቢው ሁሉ እንፋሎት ይነሳል፤ ብርሃኗም በቀዳዳዋ ገብታ ግድግዳው ላይ ጉዞዋን ጀምራለች። ለጓደኛዬ ዱካዬን ለቅቄላት እኔ አጠገቧ ቆሜአለሁ። አስተርጓሚው እንደዚያ ቀን አስተርጉሞ አያውቅም። ከሌላ ዓለም የመጡትን ሰዎች "ከቆላ የመጡ" አላቸው፤ የሚበርረውን መኪና "ይኸ የጠንቋይ ሥራ ነው፣ እለፉት" አለ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ፊልሙ ሳይሆን እሱ ነበር የሚታየው።

መጨረሻው ላይ ተማሪው ሰይፉን በገዛ እጁ ሰበረ። ሲሰብረው ከሞቱ አስቀድሞ ያልኖረበት እርጅና ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣበት፤ ጠጉሩ ነጣ፣ ፊቱ ተጨማደደ። ሽማግሌ ሆኖ፣ ተራራው ላይ ወደተሰበሰቡት ሰዎች ዞረ። ስፌቱ እዚህ ላይ ነበር። አስተርጓሚው እጁን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግቶ፣ "ይኸው" አለ። "መምህሩ መጣላችሁ። ባለው መሠረት በተራራው በር መጣ።"

ሰው ሁሉ ትንፋሹን ባንድነት ሲለቅ ተሰማኝ። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ቆባቸውን አወለቁ። ጓደኛዬ ግን አፏን በእጇ ይዛ ትስቅ ነበር። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "እንደዚህ ነው እንዴ የምታዩት? አንቺም ታምኛቸዋለሽ?" አለችኝ።

ጆሮዬ ጋለ። አስተርጓሚው የዚያን ያረጀ ሰው ንግግር ሊያመጣ አፉን ሲከፍት እኔ ቀደምሁት።

"እንዲያ አላለም" አልሁ። ድምፄ የክፍል ውስጥ ድምፅ ነበር፤ ከማይክራፎኑ በላይ ወጣ። "መምህሩ አይደለም፤ ያው ተማሪው ነው ያረጀው። 'ማንም አይመጣም፤ ወደየቤታችሁ ሂዱ' ነው ያለው።"

ከዚያ አንዱ ከኋላ፣ "ይኸ ልብስ ሰፊ እስከ ዛሬ ሲሰፋልን ኖሯላ" አለና ሳቁ ተዛመተ። ሽማግሌው አልሳቁም። ብትራቸውን ፈልገው ተነሱ፤ በአጠገቤ ሲያልፉ፣ "ልጅቱ የተማረች ናት፤ አይመጣም ካለች አይመጣም" ሲሉ ሰማኋቸው። አስተርጓሚው በሰው አናት አሻግሮ አየኝ፣ ልክ እንደፊተኛው። ይህን ጊዜ አንገቴን አልደፋሁም። ማይክራፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በሰው መሃል ወጥቶ ሄደ። ፊልሙ የቀረችውን በእንግሊዝኛ ጨረሰ።

አባቴ በሩን ሲዘጋ "ምን አደረገሽ?" አለኝ።

"ውሸት ነው እኮ የሚያወራው።"

"ውሸት መሆኑ ጠፍቶኝ ነው?" አለ።

ጓደኛዬን ከሸኘሁ በኋላ በበረንዳው በኩል አለፍሁ። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር። ቀና ብሎ ሲያየኝ፣ "የቦርሳሽ ማንገቻ ተተርትሯል፤ ወዲህ በይ" አለኝ። ማሽኑን እየረገጠ ሰፋልኝ። ዓይኑን ከመርፌው አላነሳም። "ደህና አርገሽ ነው ያረምሽኝ" አለኝ፣ ሳይቆጣ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ክሩን በጥርሱ በጠሰና ቦርሳውን ሰጠኝ። እኔም "በሚመጣው ገበያ እመጣለሁ፣ እናወራለን" ብዬው ሄድሁ። ደሴ እያለሁ "ሶሪ" የምትለዋን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምላት ቁጥር አልነበራትም። ያማርኛዋ ግን ከጉሮሮዬ አልወጣ አለች።

የሚመጣው ገበያ አልቆመም። የከባድ መሣሪያው ድምፅ በሰሜን በኩል እየቀረበ መጣ፤ አገሩ ጓዙን በጀርባው አድርጎ ወደ ሐይቅና ወደ ደሴ ተመመ። እኔና አባቴም ወጣን። ከከተማው መውጫ ላይ፣ ሰው ሁሉ ወደ ታች ሲጎርፍ፣ አንድ አይሱዙ የሰፈሩን ልጆች ጭኖ ወደ ላይ ሲሄድ አየሁ። አስተርጓሚው ከልጆቹ መሃል ቆሟል። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነበር፤ ሳያወርደው ነው የተነሳው። ስሙን ጠራሁ። ዞሮ ነበር፤ እኔን ይሁን ሰፈሩን ያየው አላውቅም። አቧራው ሸፈነው።

ከወራት በኋላ ስንመለስ ቴሌቪዥኑም፣ ጄኔሬተሩም፣ ማይክራፎኑም የሉም። አግዳሚዎቹ ተፈልጠው ነደዋል። ብርድ ልብሱ ብቻ መስኮቱ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል፤ ቀዳዳ ስላለው ንቀውት ይሆናል፤ አውርጄ ወሰድሁት። አስተርጓሚው ከአምባሰል ተራሮች በአንዱ ላይ እንደወደቀ፣ ጓደኞቹም እዚያው እንደቀበሩት ተነገረን። ሬሳው በሌለበት ሰገዱለት፤ እናቱ ሰደቃ አወጡ። ሄጄ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጥሁ፤ ሳልናገር ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ያንን ደጅ አልረገጥሁትም። እዚህ ሐይቅ የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኜ ስመደብ የተደሰትሁት ከዚያ ደጅ ስለራቅሁ ነው። አሁን እንኳ የተማሪ ደብተር ሳርም፣ ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ እጄ የሚቆምበት ጊዜ አለ።

አምና፣ አንቺ ጎረቤቴ ከመሆንሽ በፊት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የአስተርጓሚው እናት ናቸው። ባጃጁ አውርዷቸው፣ አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ቆመዋል። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል፤ ለሕክምና ወደ ደሴ ሲሄዱ መንገዳቸውን አቋርጠው ነው የመጡት። ጉልበታቸውን ስሜ አስገባኋቸው።

"ያ የልጄ ፊልም አንቺ ዘንድ አለ አሉኝ" አሉ፣ ገና ሳይደላደሉ።

"የትኛው እማማ?"

"የማይሞቱት ሰዎች፤ ሁለተኛው። ሲያጠናው እኔን አስቀምጦ ነበር እኮ። ቤቱን የሞላው ገበያተኛ እኔ ብቻ። አንድ ጊዜ ልስማው ብዬ ነው ልጄ። ማየቱንስ ጥላና ብርሃን ነው የቀረኝ።"

ፍላሹ በዚያ ማንገቻው በተሰፋው ቦርሳ ውስጥ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አውጥቼው አላውቅም። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ከፈትሁት። ሰይፎቹ መጮህ ሲጀምሩ እናቱ ቀና አሉ።

"አሁን ምን ላይ ናቸው?"

"ሁለት ሰዎች ድልድይ ላይ ተገናኝተዋል።"

"እህ። ረጅሙ 'ወላሂ ዛሬ አልለቅህም' ይለዋል። ያኛው 'ኧረ በግሸኗ ተወኝ፣ እናቴ ብቻዋን ናት' ይለዋል።"

እንዲህ እየሆነ ሄደ። እኔ የማየውን እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው የሚባለውን ይነግሩኛል። አንዲት ቦታ አልሳቱም። የሚበርረው መኪና ሲመጣ "ይኸ የጠንቋይ ሥራ ነው፣ እለፊው" ሲሉኝ፣ ያው የሱ አነጋገር፣ ያው የሱ አቆራረጥ ነበር። አንገቴን ደፍቼ አለቀስሁ፤ እንዳይሰሙኝ ከንፈሬን ነክሼ።

ወደ መጨረሻው ስንደርስ ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ። "ብርሃኗስ?" አሉኝ። "ፊቱ ላይ የምታርፍ ብርሃን አለች ብሎኛል። ምነው አጣኋት?"

ብርሃኗ ግድግዳው ላይ ነበረች። ተነስቼ ጠረጴዛውን በቀስታ ገፋሁት፣ እንደገና ገፋሁት፣ ስክሪኑ ላይ እስክታርፍ ድረስ። ያረጀው ሰው ግንባር ላይ ቆመች።

"ይችውና" አሉ። "አሁን ሽማግሌው ዞሯላ?"

"ዞሯል።"

"መምህሩ ነው። 'ቆየሁባችሁ፤ መንገዱ ረዝሞብኝ ነው' ይላቸዋል። 'ደጃችሁን ሳትዘጉ ስለጠበቃችሁኝ አላህ ይስጣችሁ' ይላቸዋል።" ፈገግ አሉ። "ልጄ እንኳ 'እማ፣ ፊልሙ እንዲያ አይልም፣ እኔ ነኝ' ብሎኛል። 'ታዲያ ቢያውቁብህስ?' ብለው፣ 'የሚያውቅ አንድ ሰው ነው፤ የባለቤቱ ልጅ ናት። እሷ አታጋልጠኝም' አለኝ።"

ፊልሙ አለቀ። ስክሪኑ ላይ ስሞች ይወርዱ ነበር። እጄን ጉልበቴ መሃል አድርጌ ተቀመጥሁ።

"ያን ቀን ሲመለስ ድምፁን አጠፋብኝ" አሉ እናቱ። "ደክሞት ነው ብዬ ሳልጠይቀው ቀረሁ፤ ከዚያማ ጊዜውም አልሰጠን። አንቺ እዚያ ነበርሽ አሉ። እንዲህ ብሎ ጨረሰላቸው? ሰዉ ሰማው?"

እውነቱ አፌ ላይ ነበር። ያችው ያን ቀን ሰው መሃል የጮህኋት ቃል ነበረች፤ አሁን ብላት አንዲትም ስሕተት አይኖራትም።

"እንዲያ ነው ያለው እማማ" አልኋቸው። "አንዲት ቃል አላጎደለም። ሁሉም ሰማው።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉና እጄን በዳበሳ ፈልገው ያዙት። ብርሃኗ ከስክሪኑ ወጥታ ግድግዳው ላይ እስክትደርስ ድረስ አልለቀቁኝም።